ከዜሮ እስከ መቶ በአንዋር መስጊድ ሰፈር

ስለ መኪና በተነጋገርን ቁጥር ተማሪዎቻችን አስቀድመው የሚጠይቁት አንድ ቁጥር አለ። መኪናው ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ላይ ለመድረስ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? ቁጥሩ ሲያንስ መኪናው ይደነቃል፤ ሲበዛ ይናቃል። ልማዱ ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው። የመኪና ሻጮች በማስታወቂያቸው ላይ በትልቁ የሚያትሙት፣ ስለ መኪና የሚጽፉ ሰዎችም በመጀመሪያው አንቀጽ የሚያነሡት ይኸንኑ ነው። በዚህ ጽሑፍ ቁጥሩ ሐሰት ነው ልንል አይደለም፤ ትክክል ነው። ነገር ግን አዲሱን መኪና ገዝቶ ዕለት ተዕለት በመርካቶ፣ ለይተን ብንናገርም በአንዋር መስጊድ ዙሪያ ለሚነዳ ሰው ሊያውቀው የሚገባውን ነገር አይነግረውም ባዮች ነን። በዚያው መንገድ በእግሩ ለሚሄደው ሰው ደግሞ የተደቀነበትን አደጋ ይሸሽገዋል።

ነገሩን እንድናነሣው ያደረገን የመኪናው ዓይነት መለወጡ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፣ አዲስ ትንሽ መኪና ለመግዛት የሚያስብ ሰው ዓይኑን የሚጥለው በኤሌክትሪክ በሚሠሩት ላይ ሆኗል። ከእነዚህም መካከል የቻይናው ቢዋይዲ ኩባንያ የሚሠራቸው ሲጋልና ዶልፊን የተባሉት በከተማችን ጎዳናዎች በብዛት ይታያሉ። ሁለቱም ሃችባክ የሚባሉት ዓይነት ናቸው፤ የዕቃ መጫኛቸው ከተሳፋሪው ክፍል ያልተለየ፣ የኋላ በራቸው ከነመስታወቱ ወደ ላይ የሚከፈት አጭር መኪና ማለት ነው። ሹል ግንባራቸውና የተቆጣ የሚመስለው የፊት መብራታቸው የስፖርት መኪና መልክ ሰጥቷቸዋል። መልኩ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባላስጨነቀን ነበር።

ፈጣን ትንሽ መኪና አዲስ ሐሳብ አይደለም። የዚህ ዘር አያት ተብሎ በብዙዎች የሚጠራው እ.ኤ.አ. በ1976 ለገበያ የቀረበው ቮልስዋገን ጎልፍ ጂቲአይ ነው። ክብደቱ 800 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ሞተሩ 110 የፈረስ ጉልበት፣ ከፍተኛ ፍጥነቱም በሰዓት 182 ኪሎ ሜትር ነበር። በዘመኑ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሕፃናትን ትምህርት ቤት አድርሶ ቅዳሜና እሑድ ከስፖርት መኪና ጋር የሚፎካከር የቤተሰብ መኪና! ከዚያ ወዲህ ያለው ሩጫ የት እንዳደረሰን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣውን ኤምጂ 4 ኤክስፓወር የተባለ የኤሌክትሪክ ሃችባክ እንመልከት። 435 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ከዜሮ ወደ 100 በ3.8 ሴኮንድ ይደርሳል። ከአያቱ አራት እጥፍ የሚጠጋ ጉልበት መሆኑ ነው። የሚነዳው የሰው ልጅ ዐይን፣ ጆሮና እግር ግን እንደ ቀድሞው ነው።

አሁን ወደ አዲስ አበባ እንመለስ። መርካቶ ከባሕር ጠለል በላይ 2400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በዚህ ከፍታ ያለው የአየር እፍጋት በባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በኦክስጅን ስለ ሆነ፣ በአንድ ምት የሚስበው አየር በሩብ ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው መጠን ይቀንሳል። ለብዙ ዓመታት የከተማችን ዋነኛ ትንሽ መኪና ሆኖ የቆየውን ቶዮታ ቪትስ እንውሰድ። የአንድ ሊትሩ ሞተር ጃፓን ሲሠራ 70 የፈረስ ጉልበት ተብሎ ይጻፍለታል፤ አዲስ አበባ ላይ ግን የሚተርፈው ከ50 እምብዛም አይበልጥም። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ አራት ሰው ጭኖ የወጣ ሁሉ ይህን ያለ ቀመር ያውቀዋል። ተርቦ ያላቸው ሞተሮች አየሩን አምቀው ስለሚያስገቡ ጉዳታቸው ያነሰ ነው።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። በባሕር ዳርቻ የሚሰጠውን ጉልበት በመርካቶም ይሰጣል። ከዚህም በላይ የቤንዚን ሞተር ከፍተኛውን የመጠምዘዝ ጉልበት ለማግኘት በደቂቃ በሺህ የሚቆጠር ዙር መዞር ሲኖርበት፣ የኤሌክትሪኩ ገና ከቆመበት ሲነሣ ጀምሮ ሙሉውን ያወጣዋል። ሲጋል እንኳ፣ ከቤተሰቡ ደካማው የሚባለው፣ ከዜሮ ወደ 50 ለመድረስ 5 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ የከተማችን ከፍታ ለአሥርት ዓመታት ሳናስተውለው የመኪኖቻችንን ጉልበት ሲገራ ኖሯል። አብዛኛው የአዲስ አበባ ነጂ እግሩ የሰለጠነው በዚህ በተገራ ጉልበት ነው፤ መኪናው እንዲነሣለት ነዳጅ መስጫውን ጠበቅ አድርጎ መርገጥ ልማዱ ነው። ያው እግር፣ ያው ልማድ፣ ነዳጅ በሌለው መኪና «ነዳጅ መስጫ» ላይ ሲያርፍ የሚሆነው ሌላ ነው። ስሙ ሳይለወጥ ሥራው የተለወጠ ፔዳል ነውና።

የአንዋር መስጊድን ዙሪያ የሚያውቅ ሰው በዚያ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የሚለው ቁጥር ምን ያህል እንግዳ እንደ ሆነ ይረዳል። ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ አንሥተው ወደዚህ ካዛወሩት ጀምሮ ሰፈሩ የሚኖረው በዕቃ ዝውውር ነው። ተሸካሚው ከጀርባው ጣቃ ጨርቅ፣ ከራሱ ላይ ካርቶን ጭኖ ይሻገራል፤ የሰው ጋሪ በግራ ይመጣል፤ አይሱዙው ዕቃ ለማውረድ መንገዱን ይዞ ይቆማል፤ ሻጩ ሸራውን ከአስፋልቱ ጠርዝ ዘርግቶ ይቀመጣል። በዕለተ ዓርብ የጁምዓ ሰላት ሲደርስ ምእመኑ ከግቢው ተርፎ መንገዱ ላይ ይሰለፋል፤ መኪናም ይቆማል። በሌላው ሰዓት መኪና የሚሄደው በክፍተት ነው። ከፊት ያለው ሲንቀሳቀስ አሥር፣ አሥራ አምስት ሜትር ይከፈታል፤ ያች ክፍተት ሳትዘጋ ለመያዝ ሁሉም ይጣደፋል።

በዚች ክፍተት ላይ ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። ክፍተቷ 15 ሜትር ናት እንበል። ሦስት መኪኖች አሉን፤ የመጀመሪያው ከዜሮ ወደ 50 በ10 ሴኮንድ፣ ሁለተኛው በ5፣ ሦስተኛው በ2.5 ሴኮንድ የሚደርሱ ናቸው። ፊዚክስ ሽምጥጠት የሚለው፣ ማለትም ፍጥነት በየሴኮንዱ የሚጨምርበት መጠን፣ በየተራው እጥፍ እየሆነ ሄደ ማለት ነው። ለቀላልነት ሽምጥጠቱ አይለዋወጥም ብለን ነጂዎቹ ሙሉ በሙሉ ቢረግጡ፣ የ15 ሜትሯ ክፍተት ስታልቅ የመጀመሪያው በሰዓት 23 ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው 33፣ ሦስተኛው 46 ላይ ይደርሳሉ። የፍጥነቱ ብልጫ ብዙ አይመስልም። ነገር ግን የእንቅስቃሴ ጉልበት የሚያድገው በፍጥነቱ ካሬ ስለ ሆነ፣ ክብደታቸው እኩል ቢሆን ሁለተኛው የመጀመሪያውን ሁለት እጥፍ፣ ሦስተኛውም አራት እጥፍ ጉልበት ይዞ ይመጣል። የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በሁለት መስመር ሊያረጋግጠው ይችላል፤ በተወሰነ ርቀት ላይ የሚጠራቀመው የእንቅስቃሴ ጉልበት ከሽምጥጠቱ ጋር እኩል ያድጋል። ክብደታቸውም እኩል አይደለም። ቪትስ 1 ቶን አይሞላም፤ ሲጋል ትልቁን ባትሪ ሲይዝ 1240 ኪሎ ግራም ገደማ ነው።

ቀጥሎ የመቆሙን ነገር እንይ። ከጋሪው ኋላ ሕፃን ልጅ ብቅ ቢል፣ ነጂው አይቶ ፍሬን እስኪረግጥ 1 ሴኮንድ ያህል ያልፋል። ደረቅ አስፋልት ላይ ጥሩ ጎማ ያለው መኪና በየሴኮንዱ ፍጥነቱን በሴኮንድ 7 ሜትር ይቀንሳል ብንል፣ የመጀመሪያው መኪና በጠቅላላው ከ9 ሜትር ተኩል ባነሰ ርቀት ይቆማል። ሁለተኛው 15 ሜትር ይፈልጋል። ክፍተቱን ለመያዝ የሮጠውን ያህል ርቀት ለመቆምም ይፈልጋል ማለት ነው፤ ያ ርቀት ደግሞ የለም፤ በሰው የተሞላ ነው። ሦስተኛው 25 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። ዝናብ ከጣለ፣ ከተራገፈው ሸቀጥ የፈሰሰ ዘይት ካለበት ሰበቃው ስለሚቀንስ ሦስቱም ርቀቶች ይረዝማሉ። በአዲስ አበባ በትራፊክ አደጋ ሕይወታቸውን ከሚያጡት መካከል የሚበዙት እግረኞች መሆናቸውን ስናስታውስ፣ ይህ የወረቀት ላይ ጨዋታ አለመሆኑን እንረዳለን።

«በመርካቶ ሁሉም እንደ ኤሊ ነው የሚሄደው፤ የምን ፍጥነት?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ይህ የአማካይ ፍጥነትንና የቅጽበት ፍጥነትን ልዩነት መርሳት ነው። በአንድ ሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ መኪና አማካይ ፍጥነቱ ከሰው እርምጃ ብዙም አይበልጥም፤ በዚያ ሰዓት ውስጥ ግን ስድሳ ጊዜ 30 ላይ ደርሶ ስድሳ ጊዜ ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሰው የሚገጨው በቅጽበቱ ፍጥነት ነው።

ሌላው ያሰጋን የድምፅ ነገር ነው። ጭነት የተሸከመ ሰው አንገቱን ማዞር አይችልም፤ ከኋላው የሚመጣውን የሚያውቀው በጆሮው ነው። የቤንዚን ሞተር ቆሞም ያጉረመርማል። የኤሌክትሪክ መኪና በዝግታ ሲሄድ ግን ከጎማው ድምፅ በቀር የሚሰማ ነገር የለውም። በዚህ ምክንያት የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ የሚሸጥ አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና ሁሉ በሰዓት እስከ 20 ኪሎ ሜትር ባለው ፍጥነት ሰው ሠራሽ የማስጠንቀቂያ ድምፅ እንዲያሰማ አስገድዷል። ጥሩ ሕግ ነው። ነገር ግን ሕጉ የታሰበው ጸጥ ላለ የአውሮፓ መንደር ነው። ከየሱቁ ድምፅ ማጉያ በሚጮኽበት፣ የሚኒባስ ረዳት መድረሻውን በሚጣራበት መንገድ ላይ ያ ቀጭን እዝዝታ ለማን ይሰማል? ክላክስ የሚነፋውም ሰውን ያስደነግጠው እንደ ሆነ እንጂ ወዴት መሸሽ እንዳለበት አይነግረውም።

ይህን ሁሉ ስንል መኪናውን የምንነቅፍ የሚመስለው ካለ ተሳስቷል። ለአንዋር መስጊድ ሰፈር ከቤንዚን መኪና ይልቅ የኤሌክትሪኩ ትንሽ መኪና በብዙ መንገድ ይሻላል። ቀን ሙሉ ከአስፋልቱ ጠርዝ የምትቀመጠው ሻጭ አፍንጫ ከጭስ ማውጫ እኩል ከፍታ ላይ መሆኑን ያስተዋለ ሰው፣ ጭስ ማውጫ የሌለው መኪና ምን ማለት እንደ ሆነ ይገባዋል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል የሚመነጨው ከውኃና ከነፋስ ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን የሕዳሴ ግድብ ሲጨመር ደግሞ ጭሱን ከመርካቶ አንሥተን ሌላ ቦታ አልወሰድነውም ማለት እንችላለን። መቆምና መነሣት የቤንዚን መኪና ሕመም ነው፤ ቆሞም ነዳጅ ይበላል። ከነተሳፋሪው 1400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና ከ30 ፍጥነት በቆመ ቁጥር 49 ሺህ ጁል ያህል ጉልበት በፍሬኑ ሸራ ላይ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይባክናል፤ ስድሳ ጊዜ ቢቆም 3 ሚሊዮን ጁል የሚጠጋ። የኤሌክትሪኩ ሞተር ግን መኪናው ሲዘገይ ወደ ጄነሬተርነት ተለውጦ የዚህን አንድ ክፍል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ስለዚህ የሌላውን ነዳጅ የሚጨርሰው መጨናነቅ እሱን እምብዛም አይጎዳውም። አጭርነቱና በጠባብ ቦታ መዞር መቻሉም ለዚያ ሰፈር የተፈጠረ ያስመስለዋል።

ኃይል ስለ መሙላት በአጭሩ እንናገር። በቀን 30 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው የሚያስፈልገው ኃይል ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ስለ ሆነ፣ ከተራ የግድግዳ ሶኬት 10 አምፔር ቢወስድ ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። ጣጣው ሶኬቱ ላይ አይደለም፤ ሽቦው ላይ ነው። በሽቦ ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት በከረንቱ ካሬ ያድጋል፤ ስለዚህ ለአምፖልና ለሬዲዮ የተዘረጋ አሮጌ መሥመር፣ ከዚያም በተጠቀለለ ማራዘሚያ ተቀጥሎ ለሰዓታት 10 አምፔር ሲሸከም እንደ ምድጃ ይግላል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. የሸማ ተራን ቃጠሎ ያየች መርካቶ እሳትን የሚያቀል ምክር አትፈልግም። ለመኪናው ራሱን የቻለ መሥመር ከነማቋረጫው ያላዘረጋ ሰው መኪናውን ባይገዛ እንመርጣለን።

የስፖርታዊ መልክ ዋጋ በጎማውም ላይ ይታያል። 165/70 የሚል ጎማ ከጠርዙ እስከ ቸርኬው 115 ሚሊ ሜትር ያህል ጎን አለው፤ 205/45 የሚለው ያማረ ጎማ 92 ብቻ። በጉድጓድና በፍጥነት መቀነሻ ጉብታ በሞላ መንገድ ላይ ቸርኬውን የሚጠብቀው ይኸው ላስቲክና በውስጡ ያለው አየር ነው። የጎን መስታወቱስ? በዚያ ሰፈር ከመኪና አካል አስቀድሞ የሚሰበረው እሱ ነው። የቪትስ ባለቤት መስታወቱ ቢሰበርበት ከመስጊዱ ሩቅ ወዳልሆነው ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ተደራድሮ፣ በዚያው ቀን አስገጥሞ ይመለሳል። ሶማሌ ተራ ከመለዋወጫ መሸጫነቱ ባሻገር ያልተጻፈ የምሕንድስና ትምህርት ቤት ነው፤ የትኛው ሞተር ከየትኛው ካምቢዮ ጋር እንደሚስማማ በቃሉ የሚያውቅ ሰው የሚገኝበት ነው። ያ ዕውቀት ግን የብረትና የዘይት ዕውቀት ነው። አዲሱ መኪና ሲታመም የሚናገረው በኮምፒውተር ኮድ ነው፤ ባትሪውም በመቶ ቮልት የሚቆጠር ውጥረት ስላለው ያለ ሥልጠና የሚነካውን ይገድላል። የቴክኒክ ትምህርት ቤቶችና የኛን መሰል ፋኩልቲዎች ወደ ሶማሌ ተራ ወርደው ከነዚያ ባለሙያዎች ጋር ካልተነጋገሩ፣ ወይ ባለሙያዎቹ ሥራ ይፈታሉ፣ ወይ በድፍረት ከፍተው ይጎዳሉ። ሁለቱንም አንወድም።

ወደ ፍጥነቱ እንመለስና የምንጠይቀውን በግልጽ እንጠይቅ። ምን ዓይነት መኪና እንደሚገባ መወሰን የቻለ መንግሥት፣ የገባው መኪና በምን ጠባይ እንደሚሄድም መወሰን ይችላል። የኤሌክትሪክ መኪና አነሣሥ በሶፍትዌር የሚታዘዝ ነው፤ አብዛኞቹ አሁንም ኢኮ፣ ኖርማልና ስፖርት የሚሉ ምርጫዎች አሏቸው። መኪናው በተነሣ ቁጥር በለዘበው ምርጫ እንዲጀምር፣ ስፖርቱን የፈለገ ነጂ አስቦ እንዲመርጠው ማስገደድ አዲስ ብረት አይጠይቅም። በአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2024 ጀምሮ የሚመዘገብ አዲስ መኪና ሁሉ የመንገዱን የፍጥነት ወሰን አውቆ ነጂውን የሚያስጠነቅቅ መሣሪያ ሊኖረው ግድ ሆኗል። ለእኛም ይኸው መሣሪያ እንደ መርካቶ ያሉትን ሰፈሮች እንዲያውቅ ተደርጎ ቢታዘዝ እንወዳለን። ከአዳማ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ለመቅደም ፈጣን አነሣሥ ሕይወት ያድናል የሚሉ አሉ፤ እውነታቸውን ነው፤ በዚያ ስፖርቱን ይምረጡ። ሻጮችም በማስታወቂያቸው ላይ ከዜሮ ወደ 100 ከሚለው ጎን ከ30 ወደ ዜሮ በስንት ሜትር እንደሚቆም ይጻፉልን።

በየትምህርት ቤቱ ላላችሁ የፊዚክስ ክበባት ደግሞ አንድ ሥራ እንሰጣችኋለን። ከግቢያችሁ በር ፊት ለፊት፣ ከእግረኛው መንገድ ሳትወርዱ፣ በአስፋልቱ ዳር ያሉ ሁለት ምልክቶችን ምረጡ፤ ለምሳሌ 5 ሜትር የሚራራቁ ሁለት የአጥር ቋሚዎች። በሜትር ለኩና መኪኖች ከቆሙበት ተነሥተው ሲያልፉ ከፊት ለፊታቸው በስልክ ቪዲዮ ቅረጹ። አብዛኛው ስልክ በሴኮንድ 30 ምስል ያነሣል። የመኪናው አፍንጫ ከአንዱ ምልክት እስከ ሌላው ሲደርስ ያለፉትን ምስሎች ቁጠሩ፤ 18 ከሆኑ ፍጥነቱ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው፤ ካነሱ ከዚያ በላይ ነው። የኤሌክትሪኩንና የቤንዚኑን ለየብቻ መዝግቡ፤ የሰሌዳ ቁጥር ግን አትጻፉ። ሃምሳ ሃምሳ መኪና የለካ ክበብ ሠንጠረዡን ቢልክልን በሚቀጥለው እትም እናወጣዋለን።